አባባ ዝም ያሉበት ሳምንት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። አንቺ እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ? አማትሽስ? ብዙ ስትቆሚ የሚያብጠው እግርሽስ እንዴት ሆነልሽ? በመደብሩ ሂሳብ መቀበያ ከላስቲኩ ጀርባ ሆነሽ፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ብር ሲያቀብልሽ በሐሳቤ እየታየኝ «እጅሽን ታጠቢ፣ እጅሽን ታጠቢ» እላለሁ ለብቻዬ። ሰሞኑን ለብቻዬ ማውራት ጀምሬያለሁ፤ እንዳትስቂብኝ። እኛ አለን። አባባም አሉ። ይህን ያስቀደምኩት ፖስታውን ገና ስታዪ እንደምትደነግጪ ስለማውቅ ነው። አባባ አሉ። አሁን ተቀመጪና ቀስ ብለሽ አንብቢ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። የዚህን ቤት ግድግዳ ታውቂዋለሽ፤ እኛ ስናስነጥስ ጎረቤት «ይማርሽ» ይላል። አባባ ከክፍላቸው ሆነው የማወራውን አንድ በአንድ ይሰማሉ። አንቺ ደግሞ ድምፄን ከሰማሽ የደበቅኩትን ሁሉ ጎትተሽ ታወጪዋለሽ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አንድም ነገር ደብቄሽ አላውቅም። ወረቀት ግን አይንቀጠቀጥም ብዬ መጻፉን መረጥኩ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የዚህ ቤት ገበያተኛ አባባ እንደሆኑ ታውቂያለሽ። አንቺ ውጭ አገር ከሄድሽ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው። በየማለዳው ያቺን ባለመስመር ዘንቢል አንጠልጥለው ደረጃውን ይወርዳሉ፣ የዕለቱን ለዕለቱ ገዝተው ይመለሳሉ። ጥቂት ቲማቲም፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአንድ ቀን ጎመን። ለነገም ይግዙ እንጂ ስላቸው «ነገ ገበያ የለም እንዴ?» ይሉኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል መጋዘን ውስጥ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ እየከተቱ፣ እፍኝ ሙሉ እያወጡ ሲያሸቱ የኖሩ ሰው አይደሉ? እሳቸው ሳያሸቱት ወደዚህ ወጥ ቤት የገባ ነገር የለም። ጨው ሲያሸቱ አይቻለሁ፣ እውነቴን ነው። ሁልጊዜም አቃቂር አያጡለትም፤ ጎመኑ ያደረ ነው፣ ቅቤው ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል፣ ዳቦው በትናንት ምጣድ ነው የተጋገረው። አጉረምርመው ካስገቡት ግን በቃ፣ አለፈ ማለት ነው፤ ሁላችንም አምነን እንበላለን። ባለቤቴ «የአባትሽ አፍንጫ ደመወዝ ሊቆረጥለት ይገባል» እያለ ይቀልድ ነበር።

ከዚያ ይህ ወረርሽኝ መጣ። በዕድሜያቸውና በዚያ የመጋዘን አቧራ በጎዳው ደረታቸው ላይ ከሰው መሐል መግባት የማይታሰብ ሆነ። ዘንቢላቸውን ደበቅኩባቸው። ልጄን እንደምቀጣ አባቴን ቤት ዘጋሁባቸው፤ ሲያዩኝ ዓይናቸውን እሸሻለሁ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ቤት መቀመጥ አልተፈቀደለትም። መጀመሪያ ሰው እህል ሲያግበሰብስ አይቶ ይስቅ የነበረው እሱ ነው። አንቺ «እዚህ ሰዎች በሶፍት ተደባደቡ» ብለሽ የጻፍሽልንን እያነበበ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከርሞ፣ አንድ ከሰዓት ዱቄት በትከሻው ተሸክሞ እያለከለከ ገባ። ሩዝ፣ ምስር፣ ድንች በጆንያ ተከተለው። ምን ሆነህ ነው ስለው «የተሳፋሪውን ዓይን አይቼ ፈራሁ» አለኝ። ዱቄቱ ሳሎን ተቀመጠ፣ ሩዙ ቁም ሣጥን ውስጥ ከጫማ ጋር ገባ፣ ድንቹ ቦታ ጠፍቶ ከአባባ አልጋ ሥር ተገፋ። ድንቹን አትርሺው፤ እመለስበታለሁ።

የቀረውን በስልክ ማዘዝ ጀመርን። ከሕንፃችን ሥር ያለውን ባለሱቅ ታስታውሺዋለሽ፣ «ነገ ይገባል» የምንለውን። ስደውልለት ያለውን ይዞ ከመስኮታችን ሥር ይቆማል፤ እኔ ያን የደበቅኩትን ዘንቢል በልብስ ማስጫ ገመድ አስሬ ከሦስተኛ ፎቅ እለቅለታለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ከእኔ ተማረና አሁን በማለዳ ሕንፃው በየመስኮቱ ዘንቢል እያወረደ እያወጣ ነው። ችግሩ ሰውዬው የጠየቅሽውን ሳይሆን ያለውን ነው የሚልከው። ቲማቲም ስለው የቆርቆሮ ድልህ ይልካል፤ «ያው ቲማቲም ነው፣ እህቴ» ይለኛል። የመጣውን ሁሉ በረንዳ ላይ በሳሙና አጥበዋለሁ። ሎሚውን፣ እንቁላሉን፣ የዘይቱን ጀሪካን፣ የስኳሩን ላስቲክ ሳይቀር። እጄ ተልጦ መርፌ መያዝ አቃተኝ፤ የስፌት ሥራዬም ከእጄ ጋር አብሮ ተላጠ።

አባባ ታዲያ መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸውን አስጠግተው ዘንቢሉ ሲወጣ ይጠብቃሉ። ታጥቦ ሲደርቅ አቀርብላቸዋለሁ፣ ያሸታሉ፣ ይቆጣሉ። «ይህ ሎሚ አይደለም፤ ሎሚ ሎሚ የሚል ሳሙና ነው» ይሉኛል። እንቁላሉ ሳሙና፣ ሽንኩርቱ ሳሙና። ከባለቤቴ ጋር ተኳረፉ። እሱ «በሽታ ከሚያሸቱ ሳሙና ያሽቱ» ይላል፤ እሳቸው «እኔ የማላውቀውን በልቼ ከምኖር» ይላሉ። እኔ መሐላቸው ቆሜ ሎሚ አጥባለሁ። የመረረኝ ቀን «ፈጣሪዬ፣ እባክህ አባባን አንድ ቀን ዝም አሰኝልኝ» ብዬ ነበር። የለመኑትን ሲሰጡ እንዲህ ነው እንግዲህ።

አንድ ቀን «ነገ ይገባል» አንድ ጀሪካን ዘይት ላከ። ገና ክዳኑን ስከፍተው የከረመ የከረመ ሸተተኝ፤ አፍንጫዬን ያዝኩ። ዛሬስ ቤቱ ይፈርሳል ብዬ እየፈራሁ አቀረብኩላቸው። አባባ ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «ደህና ነው። አስገቢው» አሉ። አጠገቤ የቆመው ባለቤቴ ክንዴን ጎሸመኝ። እኔስ ምን አልኩ መሰለሽ? እሳቸው ደህና ነው ካሉ የኔ አፍንጫ ነው የተበላሸው፣ ሳሙናው ነው ያበላሸብኝ ብዬ በዚያው ዘይት ወጥ ሠራሁ። በላን፤ ሆዳችንንም ቆረጠን። እሳቸው ያሉትን ግን ማን ይጠራጠራል?

በማግስቱም ደህና ነው አሉ። ከዚያም ወዲያ፣ የመጣው ሁሉ ደህና ሆነ። ሎሚውም ሎሚ ሆነ። ቤቱ ሰላም ወረደለት፤ ባለቤቴና አባባ ታረቁ፣ አብረው ራዲዮ አዳመጡ። ያን ሰሞን ደውለሽልኝ «አባባ ተገሩልኝ» ብዬ የሳቅኩልሽ ትዝ ይልሻል? አንቺም «ተመስገን» አልሽ። ሁለታችንም ሳቅን፣ እታለም። እኔ ያን ሳቅ ባስታወስኩት ቁጥር ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ድንቹ ጋ ደረስኩ። ክፍላቸውን ልጠርግ ብዬ በሩን ስከፍት ክርፋቱ ወደ ኋላ መለሰኝ። ከአልጋው ሥር ያለው ድንች በስብሶ፣ ጆንያው ርሶ፣ ውሃው ወለሉ ላይ ወርዷል። አባባ እዚያው አልጋ ላይ ጋደም ብለው ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገዋል። «ምነው፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አሉኝ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው፣ አንዲት የነቀዘች ስንዴ ከጆንያ መሐል የሚለዩት ሰውዬ፣ በዚያ ግማት ላይ ተኝተው ምን ሆንሽ ይሉኛል። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።

ሮጬ ወርጄ ታች ቤት ያለችውን ነርስ በሯ ላይ ሆኜ ጠየቅኋት። ገና ሳልጨርስ ፊቷ ተለወጠ። ማሽተት መጥፋት ከምልክቶቹ አንዱ ነው፣ ዛሬውኑ ክፍላቸውን ለዪ፣ ትንፋሻቸውን ጠብቂ አለችኝ። ጣት ላይ ተደርጋ ኦክስጅን የምትለካ ትንሽ መሣሪያም አዋሰችኝ። በዚያው ቀን ትኩሳቱ መጣ፤ ሳሉ ተከተለ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው። ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው «ድንች ገማ ብለሽ እኔን ልታስተኚኝ ነው?» አሉኝ። ነርሷም አልጋ እንደሌለ፣ ቁጥሩ ካልወረደ ቤት ቢቆዩ እንደሚሻል ነገረችን። እኔና ባለቤቴም ተመርምረን እሱ ሳያውቀው ታሞ እንደነበር ታወቀ። አንድም ቀን አላስነጠሰም። አሁን ከኔ ፊት ቀና አይልም፤ ምግቡን ቆሞ ይበላል። አንተ ነህ አላልኩትም። ግን እኔም ከዘንቢሉ ይሆን፣ ከብሩ ይሆን እያልኩ፣ ያጠብኩትን ሎሚ ሁሉ መልሼ በሐሳቤ ሳጥብ እውላለሁ።

ምግቡን በራቸው ላይ በርጩማ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ጭቃ ጭቃ ይለኛል እያሉ ሳይነኩት ይመልሱታል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ በሩ ላይ ተደግፌ «አባባ፣ ማሽተት እንደጠፋብዎት ያውቁ ነበር አይደል?» አልኳቸው። ራዲዮናቸውን ዘጉ። ከዚያ «አውቅ ነበር» አሉኝ። «ታዲያ ለምን ደህና ነው ይሉ ነበር?» ስላቸው ምን አሉኝ መሰለሽ፣ እህቴ፤ «ገበያውን ወሰዳችሁብኝ፣ ዘንቢሉን ወሰዳችሁብኝ። ማሽተቱም ከቀረ እዚህ ቤት ምን እሠራላችኋለሁ ብዬ ነው» አሉኝ። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ እንዳይሞቱብኝ ስል የዘጋሁባቸው በር እንደዚያ ይሰማቸው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንቢሉ ከመስኮት እንደወጣ መጀመሪያ ወደ እሳቸው በር ነው የሚሄደው። አንድ ሎሚ፣ አንድ ነጭ ሽንኩርት በርጩማው ላይ አኖራለሁ፤ ይወስዳሉ፣ ይሞክራሉ። «ገና» ይሉኛል። ሌላ ቃል የለም፣ «ገና» ብቻ። ትኩሳቱ ለቋቸዋል፣ የጣት መሣሪያዋ ቁጥር ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ሲያቃስቱ እሰማለሁ። የሚበሉት የወፍ ነው። ነርሷ ሰው የሚያዳክመው አለመብላቱ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ምን ገዝቼ ምን እንደማበላቸው አላውቅም፤ ዕድሜዬን ሁሉ እሳቸው ያሸተቱትን ስበላ ኖሬ አሁን ብቻዬን ጎመን ፊት ቆሜ እደናገራለሁ። አደራሽን፣ ስትደውዪላቸው ጤናቸውን አትጠይቂያቸው፤ ደህና ነኝ ማለት ለምደዋል። ስለ ገበያ ጠይቂያቸው። የምትገዢውን ዱቄት እንዴት እንደምትመርጪ አማክሪያቸው። ለመምጣትም አትጨነቂ፤ መንገዱ ሁሉ ዝግ እንደሆነ እናውቃለን፣ ማንም አያዝንብሽም።

እዚህ ላይ ብዕሬን ጥዬ ተነሥቼ ነበር። የሆነውን ልንገርሽ። ምስር ጥጄ መጻፍ ይዞኝ ጭልጥ ብዬ ኖሮ፣ ከተዘጋው በር ውስጥ አባባ «አንቺ! ምስሩ አረረ!» ብለው ጮኹ። ዘልዬ ድስቱን አወረድኩት፤ ሥሩ ከሰል ሆኗል። እሳቱን አጥፍቼ ዞር ስል ነው ምን እንደሰማሁ የገባኝ። ጭሱ ጉሮሯቸውን ነክቷቸው ይሆናል ብዬ ላምን ፈራሁ። በሩ ጋ ሄጄ «አባባ፣ ሸተተዎት?» አልኩ። «ያን ዘይት አምጪው» አሉኝ። ከቁም ሣጥን አወጣሁና በርጩማው ላይ አድርጌላቸው ወደ ኋላ ራቅኩ። በሩ ተከፈተ። ከስተዋል፣ እታለም፤ ሸሚዙ ትከሻቸው ላይ ተሰቅሏል። ጀሪካኑን ከፈቱ፣ አስጠጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተጨማደደ።

«ይህን ነው ስታበሉኝ የከረማችሁት?» አሉኝ።

እንደዚህ ተቆጥተውኝ አያውቁም፣ እኔም እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ድፊው አሉኝ፣ ደፋሁት። ያለቀ እንዳይመስልሽ፤ ትንፋሻቸው ገና ያጥራል፣ ነርሷም እንዳትዘናጉ ብላናለች። ያረረውን ምስር ግን ከላይ ከላዩ ቀንሼ ሰጥቻቸው፣ እየተሳደቡ ግማሽ ሳሕን በልተዋል።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፤ የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅሽን አክስትህ ትናፍቅሃለች በይው፤ ያቺ ጥርሷ የወለቀው ትንሿ ደግሞ አዲሱ ጥርሷ ሲበቅል ታሳየኝ። ባለቤቴ አፍሮ ነው እንጂ ሰላምታው ብዙ ነው፤ አንድ ቀን ደውለሽ አንቺው አጽናኚው። አባባ ደግሞ ምን ስትጽፊ ነው ምስሩን ያሳረርሽው ብለው ጠይቀውኝ ላንቺ ነው ስላቸው፣ ሳታሸት እንዳትገዛ በያት ብለዋል። እኔ ማስክሽን እንዳታወልቂ እላለሁ። የማንኛችንን እንደምትሰሚ አንቺ ታውቂያለሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከወጥ ቤታችን፣ መስኮቱ ተከፍቶ ጭሱ እየወጣ
ሐሙስ፣ ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.