የፊት ወንበሩ የአንቺ ነው

ውድ እትዬ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ፤ ዛሬ አንጀቴ አሯል። ከቤት ወጥቼ መካኒኩ ጓደኛዬ ዘንድ ከገባሁ እነሆ ወር ሞላኝ። በደብዳቤ የመጣሁብሽ ፊት ለፊት ብናወራ ስለምታለቅሺ ነው። አንቺ ካለቀስሽ ደግሞ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔው ሆኜ አርፋለሁ። አውቅሻለሁ እኮ!

ከቤት የወጣሁበት ሰኞ የራስ ምታት ኪኒን ልገዛ ፋርማሲ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ዞር ስትል የምታክመኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት።

«ውይ! ተመለስክ እንዴ?» አለችኝ።

«ከየት?»

«ሌላ ከተማ ተዛውሯል፣ አይመጣም ተባልን እኮ። ሁለት ጊዜ ደውለን እህትህ ናቸው የነገሩን።»

ኪኒኑንም ሳልገዛ፣ ራስ ምታቴን እንደያዝኩ ወጣሁ።

ሰባት ሳምንት፣ እትዬ! ባለሙያዋ ለሥልጠና ስትሄድ «ስመለስ ደውለን ቀጠሮ እንሰጥሃለን» ብላኝ ነበር። ስልክ ሲጮህ ስለምደነግጥ የራሴን አጥፍቼ ያንቺን ቁጥር የሰጠኋቸው አምኜሽ ነው። በየማታው «ደወሉ እንዴ?» ስልሽ፣ ቀና እንኳን ሳትዪ ሽንኩርትሽን እየከተፍሽ «ማን ይደውላል ብለህ ነው?» ትዪኛለሽ። እኔ ጅሉ ሴትዮዋ ሰልችታኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። እሷም ተስፋ ከቆረጠችብኝ በቃ አልድንም አልኩ። ያን ሰባት ሳምንት እንዴት እንዳደርኩት እኔና ትራሴ ነን የምናውቀው።

ያ ሰውዬ በዝናብ ከቆመ መኪና ጀርባ ሮጦ አውቶቡሴ ፊት ከገባ ስምንት ወር አልፎታል። ፍሬን ረግጫለሁ፤ አልደረሰም። ትራፊኮቹ መርምረው «ነፃ ነህ» አሉኝ፤ እጄ ግን አልሰማቸውም። መሪ በጨበጥኩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ይኸው የአሥራ አንድ ዓመት ሹፌር በመስኮት ትኬት እየቆረጥኩ እውላለሁ። አንቺ «ጊዜ ያስረሳል፣ ወንድ አይደለህ?» አልሽኝ። ጊዜው ሄደ፣ እኔ አልረሳሁም።

ለአክስታችን «እዚያ ሄዶ ወሬ ያወራል» ስትያት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወሬውን ልንገርሽና ፍረጂ።

መጀመሪያ ባለሙያዋ ደብተር ሰጠችኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰውን ጻፍ ስትለኝ «ገዳይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። እንዳንቺ «ተው፣ እንዲህ አይባልም» አላለችኝም። በአንድ በኩል ይህን የሚያረጋግጥ፣ በሌላ በኩል የሚቃወም ማስረጃ ጻፍ አለችኝ። «ፍርድ ቤት ነው እንዴ?» ብዬ ተቆጣኋት። በሦስተኛው ሳምንት የሚቃወመው ወገን ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ገጽ ተሻገረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰባት ታካሚዎች ሆነን ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አንዷ አዋላጅ ነርስ ናት። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ አምስት ሳምንት ቃል ስላልተነፈሰ «ዝምታ» እንለዋለን። በስድስተኛው «እኔም አልተኛም» አለና እንደገና ዝም አለ። አዋላጇ ሳቀች፣ ከዚያ ሁላችንም ተላቀስን። ለካ እንደኔ የሆነ ሰው አለ!

ከዚያ ፍርሃቴን በጥቂት በጥቂቱ እንድለምደው ወደ ጋራዥ ተላኩ። አንድ ቀን አውቶቡሱ አጠገብ መቆም ብቻ። ሌላ ቀን ሞተሩ ሳይነሳ መሪው ፊት መቀመጥ። መካኒኩ «ልታገባው ነው እንዴ? ሽማግሌ ላክበት!» እያለ ይስቅብኛል። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሬ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ ወረድኩ። ልክ እዚያ ስደርስ ነው ያቋረጥሽብኝ! ሰባት ሳምንት ቆይቼ ስሞክረው መንቀጥቀጡ ብሶ ጠበቀኝ።

«ምን ቆርጦሽ?» ስልሽ «ፈቃድህን እንዳይነጥቁህ ብዬ ነው! እብድ ነው የሚል ወረቀት ቢጽፉብህስ?» አልሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ አልክድም። ሕመሜ ግን የእኔ ነው። በእሱ ላይ ማንም አልሾመሽም።

ወደ ባለሙያዋ ተመልሼ ስከስሽ፣ ታግዘኛለች ስል «እህትህስ በአውቶቡስ ይሄዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንዴታ!» ልል አፌን ከፈትኩና ዘንቢልሽ ትዝ አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ያን ዘንቢል ተሸክመሽ ከገበያ በእግርሽ ነው የምትመለሺው። እግርሽ እያበጠ «ለጤና ነው» ትያለሽ። ማንን ነው የምታታልዪው? በአደጋው ቀን ልትወስጂኝ ስትመጪ የሰውዬው አስከሬን ገና ከመንገዱ አልተነሳም ነበር። ያየሽውን አንድ ቀን አውርተሽው አታውቂም። ለእኔ የከለከልሽውን ለራስሽም ከልክለሻል፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናድደኛል!

ከዜሮ ጀመርኩ። ወር ፈጀብኝ፤ ግቢውንም፣ በባዶ አውቶቡስ መስመሩንም አልፌዋለሁ። የቀረው ሰው ማሳፈር ነው። «ለማሳፈር አብዝተህ የምትፈራው ማንን ነው?» አለችኝ ባለሙያዋ። አላቅማማሁም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የድርጅቱን የሹፌሮች አሠልጣኝ ከጎኔ አስቀምጬ ከቤትሽ ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ እቆማለሁ። የፊት ወንበሩ የአንቺ ነው። በሩን ከፍቼ አምስት ደቂቃ እጠብቅሻለሁ። ከቀረሽ ዘግቼ እሄዳለሁ፤ ያላንቺም ቢሆን እነዳለሁ።

ስለ ራስሽ ሕክምና ግን እኔ ቀጠሮ አልይዝልሽም፤ በሰው ሕመም አልወስንም። ቁጥራቸው ስልክሽ ላይ አለ። ደውዪና ይህን ጊዜ እውነቱን ንገሪያቸው።

የእኔንም ስልክ ከፍቼዋለሁ። ይጮህ፤ አልደነግጥም።

ያሳደግሽውና ያስቆጣሽው
ጩጬ