የሸለቆውን በር የሠሩት በያጅ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው እንጨት እየቆረጡ ይሸጡ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከድልድዩ በላይ ባለው ሸለቆ፣ በጊዜው ጥቂት ቤቶች ብቻ በነበሩበት ጥግ ነው። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የተወለዱት አንዲት እህታቸው ብቻ ናቸው።

ትምህርት ለመማር ወደ ከተማው ወርደው በአክስታቸው ቤት ተቀመጡ። በዘጠኝ ዓመታቸው፣ ዝናብ በበረታበት ወቅት፣ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ተዳፋት ተንዶ ሁለት ቤት ወሰደ። ሰው አልሞተም። የተናደው አባታቸውና ጎረቤቶቻቸው ዛፉን የጨረሱበት ተዳፋት ነበር፤ ይህንንም አባታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሳይደብቁ ይናገሩት ነበር። ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ ከተማ ሲወርድ ከላይ የቀረው የእናታቸው አባት መቃብር ብቻ ነው።

ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ አንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ገብተው ብየዳ ተማሩ። በ1962 ዓ.ም. ከመናኸሪያው ጀርባ የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፈቱ። በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ አልጋና የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ይሠሩ ነበር። የመበየጃ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደረሱ ባንክም ስብሰባም ስለሚሄዱ ከተማው «ጋሽ መነጽር» ብሎ ጠራቸው። የሠርጋቸውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። በ1966 ዓ.ም. በጤና ጣቢያ መድኃኒት ያድሉ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ድርጅት ከሸለቆው ውስጥ ድንጋይና ጠጠር ማውጣት ጀመረ። የመኪናዎቹን ጭነት ሳጥን የሚበይዱት እርሳቸው ነበሩ፤ ያኔ ከሥራቸው ግማሹ ከእነዚሁ መኪናዎች የሚመጣ ነበር። ወንዙ ግን ከረፋድ ጀምሮ ይደፈርስ ጀመር። በባልዲ ያደረ የቧንቧ ውሃ ሥሩ ጭቃ ይሆን ነበር። ከዚያም ወንዙ አቅጣጫውን ስቶ የታችኛውን ሰፈር ጓሮዎች መብላት ያዘ። ጋሽ መነጽር የድርጅቱን ሥራ ያቆሙት የጎረቤታቸው ግንብ ወንዝ ከገባ በኋላ ነው። ቀደም ብለው ማቆም እንደነበረባቸው ሲነገራቸው «ልክ ነው» ከማለት ሌላ አይመልሱም ነበር።

በ1994 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰዎች በወርክሾፓቸው ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ። ወንበር ስላልነበረ ያላለቁ አልጋዎች ላይ ተቀመጡ። የተስማሙበት ደንብ አጭር ነበር፤ ከድልድዩ በላይ ማንም አይቆርጥም፣ አይቆፍርም፣ አይገነባም። በድልድዩ አፍ ላይ የቆመውን የብረት በር የሠሩት ጋሽ መነጽር ናቸው። በሩ በተተከለ ዕለት የቀድሞ ደንበኛቸው የነበረ አንድ ሾፌር ከመኪናው ወርዶ «ጋሼ፣ የመኪናዬን በር የሠሩልኝ እርስዎ፣ አሁን ደግሞ መንገዱን ሊዘጉብኝ?» ቢላቸው፣ «ሁለቱንም በደንብ ነው የሠራሁት» አሉት። ሾፌሩ ስቆ መኪናውን አዞረ። ዛሬ እዚህ ከመካከላችን ይገኛል።

ድርጅቱ ኮሚቴውን ከሰሰ። ዋናው ክርክሩ ኮሚቴው ለሌላው የዘጋውን በር ለራሱ ሰዎች ይከፍታል የሚል ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል፣ በ1999 ዓ.ም.፣ እናታቸው አረፉ። እናታቸው ከመሞታቸው በፊት ሁለቱን ልጆቻቸውን አስቀምጠው «ከአባቴ ጎን አድርጉኝ፤ ሌላ የምለምናችሁ ነገር የለኝም» ብለው ነበር። የእናታቸው አባት መቃብር ያለው ደግሞ ከበሩ በላይ ነው።

እናታቸው ባረፉ ዕለት የኮሚቴው አባላት ቤት ድረስ መጥተው «አንድ መቃብር ምን ይጎዳል? የሚቃወም የለም፤ በሩን እንከፍታለን» አሉ። እህታቸውም ለመኗቸው። ጋሽ መነጽር «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይሉናል፤ ነገም የሌላውን ሰው እናት መመለስ አንችልም» ብለው እምቢ አሉ። እናታቸው በከተማው መቃብር ተቀበሩ። እህታቸው አፈሩ ተመልሶ ሳያልቅ ጥለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ወንድምና እህት ለብዙ ዓመታት አልተነጋገሩም። የሚኖሩት በአንድ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት ነበር። «ለአጎትህ ንገረው»፣ «ለእናትህ ንገራት» እየተባልን መልእክት የምናመላልሰው እኛ የእህታቸው ልጆች ነበርን። ጋሽ መነጽር የእህታቸው በር ማጠፊያ ሲሰበር ሰው ልከው ያስበይዱ ነበር። እህታቸውም የተበየደውን ይቀበላሉ፤ ምስጋና ግን አይልኩም።

እናታቸው በሞቱ በዓመቱ ፍርድ ቤቱ ለኮሚቴው ፈረደ። ውሳኔው የተመሠረተው ከወንዙ ዳር ስላለው ርቀትና ስለ ፈቃዱ ጉድለት በቀረበው ማስረጃ ላይ ነው። ስለ መቃብር አንድም ቃል የለበትም። ጋሽ መነጽር ይህን ያውቁ ነበር። በዚህ ምክንያት የሠሩት ልክ ነበር የሚሉም፣ ከንቱ ነበር የሚሉም በቤተሰባችን አሉ። ጋሽ መነጽር ግን እስከ ጡረታቸው ድረስ በየዓመቱ በሩን ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ዝገቱን የሚፍቁትም ራሳቸው ነበሩ። ተዳፋቱ ዛሬ በዛፍ ተሸፍኗል፤ ወንዙም ከዝናብ ወቅት በቀር ጠርቶ ጠጠሩ ይታያል።

በ2014 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞች የብየዳ ጭስ ሳይሆን አይቀርም አሉ። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ እህታቸው አንድ ጠዋት መንገዱን ተሻግረው ገቡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም አልተለዩአቸውም። ምን እንደተነጋገሩ ስንጠይቃቸው «ስለ ትራሱ፣ ስለ መጋረጃው» ይላሉ። ጋሽ መነጽር በተወለዱ በ73 ዓመታቸው፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ማለዳ፣ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ አረፉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የኮሚቴው ሽማግሌዎች ወደ ቤት መጡ። ለእርሳቸው ሲባል በሩ እንዲከፈትና ከአያታቸው ጎን እንዲያርፉ በአንድ ድምፅ መወሰናቸውን ነገሩን። ልጆቻቸው ደስ አላቸው፤ የሚቃወም ሰውም አልነበረም። እህታቸው ጥግ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ «እማዬ ያላለፈችበትን በር እሱም አይለፍበት» አሉ። ሽማግሌዎቹ ቁጣ መስሏቸው ሊያባብሏቸው ሲነሡ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። «አሥራ ሰባት ዓመት የተናደድኩት በሩ ዛሬ ለእሱ እንዲከፈት አይደለም» አሉ። «ከእማዬ ጎን ቦታ አለ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

በዚህም መሠረት ዛሬ ከእናታቸው ጎን ያርፋሉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እህታቸውና እኛ የእህታቸው ልጆች ከኋላቸው ቀርተናል። የድልድዩ በር ዛሬም እንደተቆለፈ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ከእናታቸውም ጋር በአንድ ያሳርፍልን። አሜን።