አደይ አይባልግም

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ሙሉዓለም አደይ አበባዬን አስነቅሎ ጣለው። በቦታው ገረጋንቲ አስደፍቶ መኪናውን አቁሞበታል።

ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር። ቅዳሴ አለቀ፣ ጀሪካኔን ከቧንቧው ሞላሁ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዞርኩ። ከአጥሩ ሥር እስከ ጉልበቴ ደርሶ የነበረው ለምለም ነገር የለም። ቀይ ገረጋንቲ... በላዩ ላይ ነጭ መኪና። ጀሪካኑን ይዤ ቆምኩ። ምኑን ላጠጣ? ጎማውን?

ዘበኛውን ጠየቅሁት። ትናንት አቶ ሙሉዓለም ሠራተኞች ይዞ መጥቶ አስጸዳው አለኝ። የተነቀለውንስ? ቆሻሻ የሚያነሳው ካሚዮን ወሰደው።

ከዚያ ራሱ ሙሉዓለም መጣ። ይህ ሰው ጢም ሳያወጣ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ዛሬ መሃል ናይሮቢ የመለዋወጫ ሱቅ አለው፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ ቤት አለው፣ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው። ዓይን ብቻ የለውም።

"ጋሼ፣ አረም መስሎኝ ነው" አለ። "አበባ የለው፣ ምን የለው... ልጆቹም ብላክ ጃክ ነው አሉኝ።"

በነሐሴ አበባ ይፈልጋል! በመስከረም የሚያብበውን በነሐሴ አበባ የለውም ብሎ የሚነቅል ሐበሻ አየሁ። ቅጠሉ ልብስ ላይ ከሚለጠፈው ብላክ ጃክ ጋር ይመሳሰላል፣ አልክድም። ዘመዳሞች ናቸው። የሌባ ወንድም ሁሉ ይታሰራል እንዴ?

"ሶሪ ጋሼ" አለ ደግሞ።

ሶሪ። ውኃውን እዚያው ደፍቼ በማታቱ፣ በዚያ በሚኒባስ ታክሲ፣ ወደ ሰፈሬ ካሳራኒ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

አልበረደልኝም።

ዘሩን እህቴ ናት ከደብረ ብርሃን በጨርቅ ቋጥራ የላከችልኝ። ያን ዓመት አልበቀለም። አምና ጥቂት አበበ፣ ልጆቹ ሳያዩት ረገፈ። ዘሩን ለቀምኩ፣ ዘንድሮ ቋጠሮውን አራግፌ ዘራሁት። አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም። ምን አስቸኮለኝ? እህቴም አርፋለች፣ ሌላ የሚልክ የለም።

ከሁሉ የከፋው በጉባኤ ፊት መናገሬ ነው። ተነስቼ ቆሜ ነው የተናገርኩት። ዘንድሮ ሴት ልጆቻችን ለእንቁጣጣሽ እውነተኛ አደይ ይይዛሉ፣ ያንን የሜክሲኮ አረም ይዞ የሚመጣ ካለ እኔ ራሴ ከበር እመልሰዋለሁ አልኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ፣ መስከረም ያየናል ብዬ ተቀመጥኩ። መስከረም ደረሰ። ምን ሊያይ?

የሜክሲኮ አረም የምለው በየመንገዱ ዳር ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ የሚያብበውን ቢጫ ነው። የናይሮቢ ሐበሻ በየዓመቱ እርሱን ቆርጦ አደይ ነው እያለ ለልጆቹ ያስይዛል። አደይ መቼ ነው የሻይ ሰሐን ያህል ሆኖ የሚያውቀው? አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ሙሉዓለም ደወለ። አላነሳሁም። ደግሞ ደወለ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ጠዋት ካቻቢቴዬን ይዤ ወጣሁ። ረጅሙን፣ የጋራዡን። ሥሩ አጠገብ ሰክቶ ወዘወዝ ሲያደርጉት አረሙ ከነሥሩ ይወጣል። ዶማም መኮትኮቻም እንደዚህ አይሠራም። ሰፈሩ "ምዜ ዋ ማጉጉ" ይለኛል፣ የአረም ሽማግሌ ማለታቸው ነው። ይበሉ።

ከፎቃችን በር እስከ ማታቱ መቆሚያው ድረስ ያለውን አጸዳሁ። ቅንጬ አረም... ከብት ቢበላው ወተቱ ይመራል፣ ሰው ቢነካው ያሳክካል። ታዲያ ምን ይሠራል? ይራባል። ሌላ ሥራ የለውም። የወፍ ቆሎ ደግሞ ለግቢ ጌጥ ብለው አመጡት፣ አጥር ዘሎ ወጣ፣ አሁን አገሩ ሁሉ የእርሱ ነው። አስተናግርም አገኘሁ፣ ከቆሻሻ መጣያው ጀርባ። እርሱን የቀመሰ ሰው ሲቀባጥር ይውላል። የእኛ ሰበካ ጉባኤ ሳይቀምስ ነው የሚቀባጥረው። ጃካራንዳውም ያው መጤ ነው፣ ዛፍ ስለሆነ ተከበረ። ከተማው ሁሉ ሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ካቻቢቴዬ አይችለውም እንጂ...

ሕጌ አንድ ነው። ከውጭ መጥቶ፣ ማንም ሳይዘራው በራሱ ጊዜ የሚዛመት ነገር ይነቀላል። ማማሩን አልጠይቅም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከመሃል ከተማ አሮጌ መጽሐፍ እየገዛሁ፣ ቅጠል ከሥዕል እያስተያየሁ ነው የለየሁት።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ቤተ ክርስቲያን ሙሉዓለም በዚህ ሲመጣ እኔ በዚያ ዞርኩ።

ማታ እራት ላይ ከልጄ ከኤልሳቤት ጋር ተጋጨን። ሴቶቹን ልጆች መዝሙር የምታስጠናው እርሷ ናት። ያው እንደ አምናው ከመንገድ ዳር ትቆርጣለች።

"እርሱ አደይ አይደለም" አልኳት።

"አባዬ፣ የሎው ኢዝ የሎው።"

አህያም ፈረስም አራት እግር አላቸው፣ ሙሽራ በአህያ ይመጣል ወይ አልኳት። ሳቀች። ልጆቹ ያላዩትን አይናፍቁም፣ አንተ ነህ የምትናፍቅላቸው አለችኝ። ከዚያ ነገር አመጣች።

"አንተስ? ናይሮቢ ላይ ማን ዘራህ?"

"እኔ በፓስፖርት ነው የመጣሁት።"

የልጅ ልጄ ምርቃት ታዳምጥ ነበር። እዚሁ ተወልዳ፣ አደይን በዓይኗ አይታ የማታውቅ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ቆማ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ሹካዋን አስቀመጠች። አያቴ ለማለት ባቡ ነው የምትለኝ።

"ባቡ፣ አደይም ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚህ ከበቀለ፣ እሱም ዊድ፣ አረም አይደል?"

"አደይ አይባልግም" አልኳት። "ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል።"

"እንዳንተ ግትር ነው በላታ" አለች እናቷ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26

ሙሉዓለም ደጄ ድረስ መጣ። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ፣ እያለከለከ። ከአበባ ሻጮች የገዛው ቢጫ አበባ በዕቃ ይዟል፣ ሪባን ታስሮበታል። ግባ አላልኩትም። በሩን ይዤ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እጄን ይዘው ነው ያስተማሩኝ" አለ። "እንደዚህ አይሁኑብኝ።"

ሌላም ብዙ ተናገረ። ልጆቹ ሁሉ የሚይዙት ያህል አስመጣለሁ፣ መኪና ሙሉ... ሁሉን ነገር በመኪና ሙሉ ነው የሚያስበው። ሰማሁት። ሲጨርስ በሩን ዘጋሁ። ዕቃውን ኮሪደሩ ላይ ትቶት ሄደ፣ ለፎቁ ዘበኛ ሰጠሁት። ለሚስቱ ወሰደላት መሰለኝ።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የማታቱው ጎማ ፈነዳ። ወረድን። ሹፌሩ በማይገጥም መፍቻ ብሎን ሲያበላሽ ማየት አልቻልኩም፣ በእግሬ ሄድኩ።

ከምዋንጊ ላቫጆ በታች፣ የታጠበው መኪና ውኃ የሚወርድበት ቦይ ውስጥ... ቢጫ። የሜክሲኮው መሰለኝ፣ ካቻቢቴዬን ከኪሴ አወጣሁ። ጠጋ ስል ትንሽ ነው። ቦዩ ውስጥ ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በቅዳሴ ልብሴ፣ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ። አንድ ቅጠል ጨፍልቄ አሸተትኩ።

አደይ ነው።

በላስቲክ ጠርሙስና በሳሙና አረፋ መካከል። ከቅንጬ አረም ጋር ትከሻ ለትከሻ። ያን ሁሉ ወር ጀሪካን ተሸክሜ ያጠጣሁት እንኳ እንዲህ አልፋፋም ነበር።

"ባለጌ" አልኩት።

ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም። የላቫጆው ባለቤት ምዋንጊ ከላይ ብቅ አለ፣ ምዜ ወድቀህ ነው ብሎ። አልወደቅሁም። እንዴት እዚህ በቀለ ስለው ሳቀ፣ አበባ ነዋ፣ አበባ ማንን ያስፈቅዳል አለኝ። የኢትዮጵያውያን መኪና ታጥባለህ? አጥባለሁ፣ የሙሉዓለምን ነጭ መኪና፣ እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ። ጎማው ሁልጊዜ ጭቃ ነው አለ።

ገባኝ። አምና አደዩ ደርቆ ዘሩ ሲረግፍ መኪናውን አጥሩ ሥር ነበር የሚያቆመው። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ፣ ምክንያቱን ሳልነግረው። ጭቃውን በጎማው ይዞ መጣ፣ ምዋንጊ በውኃ አጠበው፣ ቦዩ ተቀበለው።

የነቀለው ሰው ነው የዘራው። በጎማ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ዛሬም ሄጄ አየሁት። ከቦዩ አልፏል። ከቱቦው ወዲያ ማዶም አለ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ እየወረደ ነው።

ከውጭ የመጣ ነው? አዎ። የዘራው አለ? የለም። ይዛመታል? በዓይኔ አየሁት። ታዲያ ምን ቀረ? ለዚያች ልጅ አይባልግም ብያታለሁ። ባለገ።

ብነቅለው... ናይሮቢ ላይ የእህቴ አደይ አለቀ ማለት ነው። ብተወው የሰውን አበባ ሁሉ ስነቅል የኖርኩ ውሸታም ነኝ። የወፍ ቆሎውን ያመጡትም ያምራል ብለው ነው። ያምራል ያሉት ሁሉ ይኸው።

ሙሉዓለምን ላመስግነው? እርሱ ገና ይቀራል።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ምዋንጊን እስከ ቅዳሜ ማንም ሣር አጫጅ ቦዩን እንዳይነካው አልኩት። ለምን አለ። አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። ምርቃት ትምህርት ቤት ናት፣ ኤልሳቤት ሥራ። በዓሉን እሑድ እናከብራለን ተብሏል። ዘመን መለወጫንም እንደ ስብሰባ ቀጠሮ ያዙለት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3

ካቻቢቴና ጆንያ ይዤ በማለዳ ወጣሁ። ሰው ቀድሞኛል። ሙሉዓለም፣ ጫማውን መንገድ ላይ አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ቆሟል። ምዋንጊ ነው የነገረው፣ ሽማግሌያችሁ ጉድጓድ ገብቶ አበባ ሲሳደብ አየሁት ብሎ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነው?" አለኝ።

ቦዩ ውስጥ ወረድኩ።

"ይሄ ነው እኔ ያስነቀልኩት?"

ጋራዥ በገባ በመጀመሪያው ቀን የዘይት ባልዲ ደፍቶ፣ የት እንደሚቆም ጠፍቶት ነበር። ዛሬም እንደዚያው ቆመ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሌላው ያው ነው።

"ጆንያውን ያዝ" አልኩት።

እኔ እነቅላለሁ፣ እርሱ ይቀበላል። ቆይቶ ጆንያውን ሸንበቆ ላይ አንጠልጥሎ በእጁ መንቀል ጀመረ። አገዳው እየተበጠሰ ሥሩ ይቀራል። ይህ ሰው እስከ ዛሬ ብሎን በጣቱ ሊፈታ ይሞክራል። ወገቤም አልቻለም... ካቻቢቴውን ሰጠሁት። ሥሩ አጠገብ ስካው፣ ወዝውዘው፣ አትቸኩል አልኩት። ያዘበት። ያስተማሩት እጅ አይጠፋም።

ከቱቦው ማዶ የቀረችውን የመጨረሻዋን አገዳ ሲደርስ ቆመ።

"ጋሼ፣ ይህችን ለዘር እንተዋት። ያልቃል እኮ።"

"ንቀላት።"

ነቀላት። ቀድመው አብበው የደረቁትን ራስ ራሳቸውን እየቀነጠስኩ በመሐረቤ ቋጠርኩ። ሰው በእጁ፣ በቦታው የሚዘራው ሌላ ነገር ነው። ሙሉዓለም መሐረቡን አየ፣ ምንም አላለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመቱ ብልህ ነገር አደረገ።

እሑድ፣ መስከረም 4

ልጆቹ አደይ ይዘው ዘመሩ። ሥሩ ከነአፈሩ ስለነበር ኤልሳቤት ነጫጭ ቀሚሶቹ ሊበላሹ ነው እያለች በመቀስ ስትቆርጥ አረፈደች። መዝሙሩ ከድምፅ ወጥቷል፣ ግማሾቹ ግጥሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ነው የሚያነቡት። ምርቃት ግን አልተሳሳተችም። ሲያበቃ መጥታ የያዘችውን አፍንጫዬ ሥር አቀረበችው።

"ባቡ፣ ኪዶጎ ነው" አለች። ትንሽ ነው ማለቷ ነው።

"ልኩ ይሄ ነው" አልኳት።

ከበር የመለስኩት ሰው የለም። የሜክሲኮውን ይዞ የመጣ አልነበረም።

ከጓሮው መኪናው ተነስቷል። ገረጋንቲው ተዝቆ ጥቁር አፈር ተደፍቶበታል፣ ከአጥሩ እስከ ቧንቧው። አፈሩ መልካም ነው፣ ጥቂት ድንጋይ አለው። ለሙሉዓለም ድንጋዩን ብቻ ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ።

ሰው ሁሉ ከየት አመጣችሁት፣ ተነቅሎ አልነበረም ወይ ይላል። ሙሉዓለም ሊያወራ አፉን ከፈተ። አየሁት። ዘጋው።

ካቻቢቴዬ አሁንም እርሱ ጋ ነው። አልጠየቅሁትም። ስለ ነሐሴው ነቀላም ከእንግዲህ አልናገርም። ኤልሳቤት ብትጠይቅ አልነግራትም፣ ቄሱ ቢጠይቁ አልነግራቸውም፣ ራሱ ቢያነሳው አልሰማውም። እዚህም አይጻፍም። አበቃ።