የሟች ፊርማ ስለተጠየቀበት የመውጫ ፈቃድ

ለተከበሩ የመጦሪያችን ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ደረሰ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዲጸና፣ በተለይም ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ የሚያወጣዎ ጉልበት እንዲበረታልን ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ በተሽከርካሪ ወንበር የምኖረው የማንኩሳው ያረጋል ነኝ፤ እዚህ ፍኖተ ሰላም በእርስዎ ጥላ ሥር ስድስት ዓመት ሆነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ፎቅ ላይ ስለሆነብኝ ነው እንጂ ላማዎ ብዬ አይደለም። ምስጋናዬም በተራ ቁጥር ይኸው።

፩. ነዋሪ በፈለገ ጊዜ መውጣት መብቱ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አስለጥፈውልናል። በእግራቸው የሚሄዱት ገበያ ውለው ሲመለሱ ወረቀቱ እውነት መሆኑን አይቻለሁ። ለእኛ ለወንበረኞቹ ግን፣ ለደኅንነታችን ሲሉ፣ የቤተሰብ ፊርማ ጨመሩበት። እንዲህ ያለ አሳቢ ከየት ይገኛል?

፪. ባለፈው ወር እኅቴ ባንቺአየሁ አረፈች። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ለቀብሯ ልውጣ ብዬ ስጠይቅ፣ ጸሐፊዎ መዝገብ ገልጠው ፈራሚዬ ባንቺአየሁ መሆኗን፣ ያለ እሷ ፊርማም መውጣት እንደማልችል በትሕትና ነገሩኝ። የሞተችው እሷው ናት ብላቸው፣ እንግዲያው ፈራሚ መለወጥ እንደምችል፣ ለዚያም የቀድሞዋ ፈራሚ ስምምነት በጽሑፍ እንደሚያስፈልግ አስረዱኝ። እኔ ይህን ስሰማ እኅቴ ተቀበረች።

፫. የአገሬ ሰዎች ከቀብር መልስ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። ቀኑ እሑድ፣ የጠያቂ ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነውና ከበር ተመለሱ። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። እኔ ግን ጋቢዬን አዘቅዝቄ አልጋዬ ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ከአጥሩ ውጭ ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር፤ የእያንዳንዱን ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ጌታዬ፣ በጣም ከፋኝ።

አርባዋ የፊታችን ዓርብ ነው። መሄድ እፈልጋለሁ። ይህን እንደ ችሮታ ሳይሆን እርስዎ ራስዎ እንደለጠፉት መብት እጠይቅዎታለሁ።

ተነሥቼ እጅ መንሣት ባልችልም አንገቴን ዝቅ አድርጌ፣
ከቶ የማያመልጥዎ ነዋሪ
ያረጋል ምስክር

ሳልረሳው፦ ለአርባዋ በሞላሁት ቅጽ ላይ፣ ቤተሰብ በሚለው ቦታ የእርስዎን ስም ጽፌያለሁ፤ ሌላ ሰው ባስብ ባስብ አጣሁ። እባክዎ ይፈርሙልኝ። ዕድሜዎንም ያርዝመው፤ እርስዎ የሞቱ እንደሆነ፣ ያለ ፊርማዎ ለቀብርዎ መውጣት አልችልም።