በፍልሰታ የወረድንበት ተራራ

ለውድ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? እኔ ደህና ነኝ። ሰፈራችን ማርልቦሮ በረዶ ውስጥ ነው፤ ሺፍት እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ደህና ነኝ ያልኩት ለወጉ ነው። ቤዝመንት ውስጥ ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር የልጅዎን የሩቤንን ትንፋሽ እሰማለሁ። ውሃ ስር ሆኖ ሲስብ፣ ሲለቅ። አጠፋዋለሁ። ቤቱ ይቀዘቅዛል። መልሼ አበራዋለሁ፤ ለሙቀቱ ይሁን ለመስማት፣ አላውቅም።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ኑሃሚን ደውላ ጥያቄዎን ነገረችኝ። በመጨረሻው ስልክ ልጅዎን ፍልሰታን እንዳይሽር ቃል አስገብተውት ነበር። አሁን አንዲት ለቅሶ ደራሽ፣ ውጭ አገር ያደረ ልጅ ምን ጾም ያውቃል ብላ ነገር ጥላብዎት ሄደች። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎዎታል አለችኝ። ሞቱን ችለው ይህን አልቻሉም።

ምን ጠፍቶት ባሕር ውስጥ ወረደ ብለውም ጠይቀው ነበር። እንዴት ልንገርዎ? ከወደብ ተነስተን ሌሊቱን በጀልባ ተጓዝን። ሲነጋ ደሴት የለም፣ ዛፍ የለም። ውሃ ብቻ። ተራራው ከስር ነው፤ ጫፉ ከባሕሩ አይወጣም። ሩቤን እሱን ለማየት ስንት ዓመት የሥራ ፈቃዱን አጠራቅሟል።

መሪያችን ጠርሙስ ውሃ ሲያቀብለው፣ “ባሕር ሙሉ ውሃ ውስጥ ልትከተኝ አይደል፣ ምን አስቸኮለህ?” ብሎ አሳቀው። እኔም ዘረጋሁለት። “ቅዳሴ ሳይወጣ?” አለኝ። በየትኛው አገር ሰዓት ስለው፣ “በእማዬ ሰዓት” አለ።

የአየር ጋናችንን በጀርባ አዝለን ወረድን። ሞገዱ እንዳይወስደን ዓለቱን ያዝን። ዓሣው ከቦን ሲዞር እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ እንደሚያደርገው። ከዚያ ወደ ታች፣ ሰማያዊው ወደሚጠቁርበት። ስንመለስም ቀስ ብለን፣ እየቆምን፣ እንደ ደንቡ ነው የወጣነው።

ጀልባው ላይ ትከሻዬን አለ። ቆይቶ እግሬ አይሰማኝም አለ።

ኑሃሚን፣ እዚህ ላይ እንደሚያስልሽ ሁኚና ለራስሽ ብቻ አንብቢው። አንቺ ነርስ ነሽ። ለጠላቂ ውሃ መጠጣት ከሚተነፍሰው አየር አያንስም፤ ሰውነቱ ውሃ ከጎደለው ከጥልቀት ሲወጣ አየሩ ደሙ ውስጥ ይቋጠርበታል ብለው ነው ያስተማሩን። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ስለ ጥልቀቱ ከመጠየቁ በፊት የጠየቀኝ ጠዋት ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ ነው። ምንም አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። እሳቸው ግን አይወቁት፤ እኔና አንቺ ጋ ይቅር። አሁን ቀጥይላቸው።

እማማ፣ የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ጾሞ ነበር። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ጠርሙሱን ባስጠጋለት ፊቱን አዞረ። ሐኪም ዘንድ ሳንደርስ አረፈ። ጠብታ አልቀመሰም። ቃልዎን ጠብቋል። ያቺ ሴትዮ ተመልሳ ከመጣች ይህንኑ ይንገሯት፤ ሚስቱ አጠገቡ ነበረች ይበሏት።

እመቤታችን የልጅዎን ነፍስ በእቅፏ ታኑርልዎ፤ ለእርስዎም ዕድሜ ትስጥልኝ። እርስዎም ይመርቁኝ፤ እዚህ የሚመርቀኝ የለም። እንግዲህ እህል ይቅመሱ።

ውሃም ይጠጡልኝ።

ምራትዎ
ከካልጋሪ