የሰሞነኛው ደወል

ወንድሜ ዲያቆን አስረስ፣

ጋፋት ወደ ቀጥቃጩ ሄጃለሁ። በቅሎዋን ሳልጠይቅህ ወስጃታለሁ፤ ለእሱ ይቅርታ። ላሚቱን ውኃ አጠጣት።

ጣሊያን ለመንገዱ ድንጋይ ሲያመላልስበት ቆይቶ እርሻችን ላይ ጥሎት የሄደውን ሐዲድ ቆራርጬ ጭኛለሁ፤ ማረሻ ይወጣዋል። «ውሰዱት» የሚለውን የጣሊያኑን ሹም ወረቀት ከነማኅተሙ ትራስህ ሥር ትቼልሃለሁ። እኔ አልያዝሁትም። ካባቴ ርስት ላይ ብረት ለማንሳት የጣሊያን ማኅተም አላሳይም!

አንተ ግን ያን ዕለት ይህንኑ ወረቀት አሳይቼህ እንኳ፣ በነፍስ አባታችን ፊት ሌባ አልኸኝ።

አንዱን የሐዲድ ቁራጭ ግን አልጫንሁትም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከተሰነጠቀ ወዲህ ቄሰ ገበዙ ሲለምኑኝ ነበርና፣ ከደጀ ሰላሙ ጥድ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ከነገ ጀምሮ የሳምንቱ ተረኛ ደዋይ፣ ሰሞነኛው፣ አንተ ነህ። እስቲ የሌባ ብረት ነው ብለህ ሳትደውል ቅር!

ንዋይ