የእድራችን ሙታን ከድረ ገጽ እንዳይጠፉ የጠበቁት የአቶ አባይነህ ወልደ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ አባይነህ ወልደ ጻድቅ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ጻድቅ አወቀና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተሾመች በኃይሉ በመስከረም 1951 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዘመሮ ተወለዱ። የተወለዱ ሌሊት የጣለው ውርጭ የአገሩን ገብስ ሁሉ መትቶ የአባታቸውን ማሳ ብቻ እንደማረ በቤተሰቡ ይነገራል። አላየሁም፤ ግን አጎቴ ናቸውና አምናለሁ።

ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርታቸውን መሐል ሜዳ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው፣ በ1972 ዓ.ም. በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ፋይል አልጠፋባቸውም። በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ አማከለች ጋር በተክሊል ተጋብተው ጽናትንና ኮከብን ወልደዋል።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ እድራችን ድረ ገጽ ከፈተ። የሞቱ አባላት የሕይወት ታሪክ እዚያ ይሰፍራል፤ ሩቅ ያለ ዘመድ በስልኩ የተላከለትን ሊንክ ነክቶ ያነባል፣ የተዝካሩንም ቀን ያያል። ጠባቂው አቶ አባይነህ ሆኑ።

በ2013 ዓ.ም. ግን ጉድ ተፈጠረ። የወንድማቸው ልጅ ማሙሽ፣ ማለትም ይህን የምጽፈው እኔ፣ ገጾቹን አሳምራለሁ ብዬ የሁሉንም አድራሻ ለወጥኩ። እውነቱን ለመናገር አጎቴን ላስደንቅ ብዬ ነው። በዚያው ሳምንት ደብረ ብርሃን የሚኖሩት ወ/ሮ አስካለ ማርያም የሟች አባታቸውን ሊንክ ቢነኩ «ገጹ አልተገኘም» አላቸው። ስልክ ደውለው፣ «ጋሼ አባይነህ፣ አባባ ምን አጥፍተው ነው ከእድር የተሰረዙት? ድንኳን ተከላ ቀርተው ያውቃሉ?» ብለው አለቀሱ።

አቶ አባይነህ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቤታቸው ድረስ ሄደው የአባትየውን ታሪክ ከወረቀት ላይ አነበቡላቸው። ተመልሰውም በእያንዳንዱ አሮጌ አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ምልክት አኖሩ። እኔን ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «አንተ፣ ቤት ስትቀይር ለጎረቤት ሳትነግር ትሄዳለህ?»

ከዚያ ወዲህ አድራሻ እንዳይለወጥ እድሩን አስወሰኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ በፊት ሊንኩን ሁሉ አንድ በአንድ እየሞከሩ፣ የማይሠራውን በደብተር መዝግበው ይጠግኑ ነበር። ከሙከራው ብዛት የማውዙ ቁልፍ ተበስቶ በበግ ቆዳ ለጥፈውታል። ውሸት የሚል ካለ ማውዙ ቤታቸው አለ፤ ከነጠጉሩ።

አቶ አባይነህ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

ይህን ታሪክ ልለጥፍ ብከፍት፣ የራሳቸውን ገጽ አስቀድመው አዘጋጅተውት አገኘሁ። ስማቸውና የተወለዱበት ቀን ተጽፏል፤ ያረፉበት ብቻ ባዶ ነው። ግርጌው ላይ «ማሙሽ፣ ቀኑን ሙላ፤ አድራሻውን እንዳትለውጥ» ይላል። ሞላሁ፤ አልለወጥኩም። ዛሬ ጠዋት ወ/ሮ አስካለ ማርያም ሞክረውት፣ «አገኘኋቸው» ብለው ደወሉ።

እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ማኅበር ይደምርልን፤ ስማቸውንም ፈልጎ የሚያጣ አያምጣብን። አሜን።